ረሃብን ከመብት ጋር ያያያዙት ምሁር፦ የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሕይወት ምን ያስረዳል?

በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ከሌሎች የመብት ድርጅቶች ጋር ታግዶ ነበር። እገዳው በዚያው ዓመት ቢነሣም የቀሰቀሰው ክርክር ግን አልበረደም። በዚያ ሰሞን በመብት ድርጅቶች ላይ ከተነሡት ክሶች ዋናው “ከፖለቲካ ገለልተኛ አይደላችሁም” የሚል ነበር። ክሱ አዲስ አይደለም። ኢሰመጉ በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ሲባል የኖረ ነው። ያኔ ጣቱ የሚቀሰረው በመሥራቹና በረጅም ጊዜ ሊቀ መንበሩ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ላይ ነበር።

ፕሮፌሰር መስፍን መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት በ90 ዓመታቸው አርፈዋል። ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን “ትልቅ ምሁር ነበሩ፣ ፖለቲካው ነው ያበላሻቸው” ይላል። ሌላው “ታጋይ ነበሩ፣ ምሁርነቱ ማዕረግ ብቻ ነው” ይላል። ሁለቱም አባባሎች አንድ ነገር ይስታሉ። የሰውየው የመብት ሥራ የወጣው ከምርምራቸው ነው። ይህን ለማየት መነሻው ከመታሠራቸውና ለ1997ቱ ምርጫ ፓርቲ ከማቋቋማቸው በፊት የነበረው የረሃብ ጥናታቸው ነው።

ከካርታ ወደ ገበሬው

መስፍን በሚያዝያ 1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከህንድ፣ ከፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን የሠሩት አሜሪካ በሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሙያቸው ጂኦግራፊ ነበር። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሉን ለዓመታት መርተዋል። የአገሪቱን አትላስ አዘጋጅተዋል፤ ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ የድንበር ውዝግብም ጽፈዋል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም መንግሥት ደስ ብሎት የሚይዘው ዓይነት ምሁር ነበሩ።

የተለወጠው ነገር ጥያቄያቸው ነው። ጂኦግራፈር የዝናብ መጠንን፣ የአፈር ዓይነትን፣ የመሬት ከፍታን ያጠናል። እርሳቸው ግን እነዚህ ሁሉ ባሉበት ቦታ ገበሬው ለምን ይራባል ብለው ጠየቁ። መልሱን በ1984 እ.ኤ.አ. ኒው ዴልሂ በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው አወጡት። መጽሐፉ ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በነበሩት 20 ዓመታት የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ የነበረውን ተጋላጭነት ይመረምራል።

ተጋላጭነት የሚለው ቃል የክርክራቸው እምብርት ስለሆነ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ገበሬ ዝናብ አንድ ዓመት ሲቀርበት ወዲያው መራብ የለበትም። ጎተራው ውስጥ የከረመ እህል፣ በረቱ ውስጥ የሚሸጥ ከብት፣ ከጎረቤት የሚበደረው ካለው ዓመቱን ይሻገራል። ተጋላጭ የሚባለው ይህ ሁሉ የሌለው ነው። ታዲያ ጥሪቱ የት ገባ? ግብርና ኪራይ ወስደውታል፤ ዕዳ በልቶታል፤ የተረፈውንም በርካሽ ሸጦታል። መስፍን እንደሚሉት ድርቅ የሚገድለው አስቀድሞ የተራቆተውን ሰው ነው። የማራቆቱ ሥራ ደግሞ የተፈጥሮ አይደለም፤ ከገበሬው በላይ ያለው የኢኮኖሚና የፖለቲካ ኃይል ሥራ ነው።

302 ቀናት

ከመጽሐፉ አንድ ታሪክ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በወሎ፣ በወረ ኢሉ አውራጃ ረሃብ ገባ። የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን አወቀ። ሪፖርቱ አገር ግዛት ሚኒስቴር የደረሰው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሚኒስቴሩ ምንም አላደረገም። ወሬው ከዚያ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀናት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰሙ ያዘዙት ሚኒስቴሩ እርምጃ እንዲወስድ ነው። ሚኒስቴሩም እርምጃ ወሰደ፤ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተዘጋጅቶ እንዲላክለት ለወሎ ባለሥልጣናት ጻፈ።

302 ቀን ማለት አሥር ወር ነው። በአሥር ወር ውስጥ አንድ ሙሉ የእርሻ ወቅት ያልፋል። ዘር የሌለው አይዘራም፤ በሬውን የሸጠ አያርስም። ስለዚህ የዘገየው የእርዳታ እህል ብቻ አልነበረም፤ የሚቀጥለው ዓመት መከርም አብሮ ጠፋ።

እዚህ ላይ የመስፍን ትንታኔ ከግብርና ወጥቶ ስለ አገዛዝ ይሆናል። ወሬው ለምን ዘገየ? አንድ ክፉ ሹም ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም። በየደረጃው ያለ ሹም መጥፎ ወሬ ወደ ላይ ማድረስ ለራሱ አደጋ እንደሆነ ያውቃል። ገበሬው ደግሞ የሚጮህበት ጋዜጣ፣ የሚከስበት ፍርድ ቤት፣ የሚያወርደው ተመራጭ የለውም። በዚህ ሥርዓት ዝም ማለት ለሁሉም ሹም ያዋጣል። ዋጋውን የሚከፍለው ዝም የተባለበት ሰው ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነው ይህንኑ በትልቁ ደገመው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢያቸው ውስጥ ባያሳዩ ኖሮ፣ በኋላም የውጭ ቴሌቪዥን ባይደርስበት ኖሮ፣ ጉዳዩ ተዳፍኖ ይቆይ ነበር።

ይህን ትንታኔ ሁሉም አይቀበለውም። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የዝናብ መዛባትን እንዲህ ማሳነስ አይገባም ይላሉ። የመሬት መራቆትና የሕዝብ ቁጥር ዕድገት ራሳቸውን የቻሉ ምክንያቶች ናቸው የሚሉም አሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ስለ ጦርነት የሚነሣው ጥያቄ ይመስለኛል። የመስፍን ጥናት 1977 እ.ኤ.አ. ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የታዩት ከባድ ረሃቦች ግን ከጦርነት ጋር የተጣበቁ ናቸው። መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ይፈርሳል፣ እህል ይቃጠላል። እንዲህ ሲሆን ረሃብ የቸልተኝነት ውጤት ብቻ ሳይሆን መሣሪያም ይሆናል። የእርሳቸው ማዕቀፍ ለዚህ በር ይከፍታል እንጂ ራሱ አይዘልቀውም። ያም ሆኖ መሠረቱ አልተነቃነቀም። ድምፅ የሌለው ሰው ለረሃብም ለጥይትም እኩል የተጋለጠ ነው።

የ1966ቱ መርማሪ ኮሚሽን

አብዮቱ ሲፈነዳ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። መስፍን ከዋነኛ ሰዎቹ አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ ምርመራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ።

ተቺዎቻቸው ይህን እስከ ዛሬ ያነሡባቸዋል። ኮሚሽኑ ለደርግ የሕጋዊነት ሽፋን ሰጠ ይላሉ። የሚከላከሉላቸው ደግሞ ኮሚሽኑ ነገሩን በሕግ መስመር ለማስያዝ የሞከረ ብቸኛ አካል ነበር፣ ግድያው የኮሚሽኑ ውሳኔ አይደለም ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። የመጀመሪያውም ግን ባዶ አይደለም፤ ጠመንጃ የያዘ አካል ሲያሻው የሚጥለው ምርመራ ለተመርማሪው ዋስትና አይሆንም። ከመንግሥት እጅ ውጭ የቆመ መርማሪ አስፈላጊነት ከዚህ ይጀምራል።

ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ቦታ

ኢሰመጉ የተቋቋመው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያኔ አገሩ በፓርቲ ተጥለቅልቆ ነበር። አንዳንዱ የብሔር፣ አንዳንዱ የአገር አቀፍ፣ አንዳንዱ የስደተኛ ፓርቲ። የጎደለው ፓርቲ ያልሆነ ድርጅት ነበር። ሲቪል ማኅበር የሚባለው ይህ ነው፦ ሥልጣን ለመያዝ የማይወዳደር፣ ሥልጣን የያዘውን ግን የሚከታተል፣ ዜጎች በፈቃዳቸው ያቆሙት ማኅበር።

የኢሰመጉ ዋና ሥራ መግለጫ ማውጣት ነበር፤ “መደበኛ መግለጫ” እና “ልዩ መግለጫ” ይባላሉ። የአቀራረባቸው ነገር ትኩረት ይገባዋል። ቅጽል የለም ማለት ይቻላል። የተገደለው ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሚኖርበት ቦታ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን፣ የፈጸመው አካል ይዘረዘራል። ከዚያ ድርጊቱ የትኛውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ወይም የትኛውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እንደሚጥስ ይገለጻል። በመጨረሻ መንግሥት አጥፊዎቹን ለፍርድ እንዲያቀርብ ይጠየቃል።

ዘዴው የመስክ ተመራማሪ ዘዴ ነው። የወረ ኢሉን ነገር ያስታወሰ አንባቢ ደግሞ ሌላም ነገር ያያል። ያኔ ሚኒስቴሩ የሟቾችን ስም የጠየቀው ጉዳዩን ለማንከባለል ነበር። ኢሰመጉ ስም የሚጽፈው ጉዳዩ እንዳይንከባለል ነው። ስሙና ቀኑ የታወቀ ሟች “አልሞተም” ሊባል አይችልም። ቤተሰቡም ነገ ፍርድ ቤት ሲሄድ የሚይዘው ወረቀት ይኖረዋል።

መንግሥት ይህን ሥራ “የፖለቲካ ድርጅት ሥራ” ብሎ ፈረጀው። ድርጅቱ ለዓመታት ምዝገባ ተከለከለ፤ የባንክ ሒሳቡም ታገደ። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ አቶ አሰፋ ማሩ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

ዩኒቨርሲቲው ለምን የጦር ሜዳ ሆነ?

የአካዳሚክ ነፃነት ሲባል ብዙ ጊዜ የመምህር ጥቅማ ጥቅም ይመስላል። ትርጉሙ ሰፋ ይላል። መምህሩ ያገኘውን እውነት ሳይፈራ የማስተማር፣ ተማሪውም ሳይፈራ የመጠየቅ፣ ተቋሙም ያለ ውጭ ጣልቃ ገብነት ራሱን የማስተዳደር መብት ነው። በ1985 ዓ.ም. ይህ ነገር ክፉኛ ተመታ። በታኅሣሥ የተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ተበተነ። ከወራት በኋላ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ልምድ ያለው መምህር ሲወጣ የሚተካው ወጣት ምን እንደሚያስከፍል አይቶ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሳንሱር አያስፈልግም፤ ሰው ራሱን ሳንሱር ያደርጋል።

በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር። የታጠቀ ኃይል ከግቢያችን ይውጣ፣ ጋዜጣችን ይመለስ፣ ማኅበራችን ይከበር። መጋቢት 30 ቀን ኢሰመጉ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ውይይት አዘጋጀ። ፕሮፌሰር መስፍንና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ተናገሩ። ከቀናት በኋላ በተማሪዎችና በፖሊስ መካከል የተነሣው ግጭት ወደ ከተማው ወጣ፤ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር 31 ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 30 ቀን ሁለቱ ምሁራን ተማሪዎችን አነሣሥታችኋል ተብለው ታሠሩ። በዋስ የተፈቱት ግንቦት 28 ቀን ነው። መስፍን 71 ዓመታቸው ነበር።

የዚህ እስር ቀን ልብ ሊባል ይገባል። ያኔ መስፍን የፓርቲ መሪ አልነበሩም። የታሠሩት አዳራሽ ውስጥ ስለ መብት ስለተናገሩ ነው።

1997፦ ወደ ፓርቲ መሻገር

ከምርጫ 97 በፊት ፕሮፌሰር መስፍን ቀስተ ደመና የተባለውን ፓርቲ ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። ቀስተ ደመና ከሌሎች ሦስት ፓርቲዎች ጋር ቅንጅት የተባለውን የተቃዋሚዎች ጥምረት መሠረተ። ከምርጫው በኋላ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሰዋል። ውጤቱ አወዛገበ፤ በሰኔና በጥቅምት ጥይት ተተኮሰ፤ ግድያውን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ደረሰበት። የቅንጅት መሪዎች ታሠሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን በይቅርታ ወጡ። መስፍን እንደ አብዛኞቹ ተከሳሾች ክሱ ፖለቲካዊ ነው ብለው መከላከያ አላቀረቡም።

መሻገሩ ስህተት ነበር? እዚህ ላይ እውነተኛ ክርክር አለ። አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ የመብት ድርጅት ትልቁ ሀብቱ መታመኑ ነው። መሥራቹ ፓርቲ ሲያቋቁም ያለፉት መግለጫዎች ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው ይጠረጠራሉ። መንግሥት ለዓመታት ሲያቀርበው ለነበረው ክስ ማስረጃ እጁ ላይ ወደቀለት። ሌላው ወገን ደግሞ፦ ለዓመታት መግለጫ ወጣ፣ አንድም ገዳይ በቅጡ አልተጠየቀም። ሰነድ ብቻውን ካልለወጠ፣ ዜጋው በምርጫ መንገድ ለመለወጥ መሞከሩ መብቱም ግዴታውም ነው ይላል።

የመጀመሪያው ክርክር ድርጅቱን በተመለከተ ትክክል ነው። ኢሰመጉ ዋጋ ከፍሏል። ግን “ፖለቲካ ውስጥ ባይገቡ ባልታሠሩ ነበር” ወደሚል መደምደሚያ መሄድ አይቻልም። የ1993ቱ እስር አለ። ከዚህም በላይ ከቅንጅት መሪዎች ጋር አቶ ዳንኤል በቀለና አቶ ነፃነት ደምሴ ታሥረዋል። ሁለቱም የሲቪል ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው መከላከያ አቅርበው ተከራክረዋል። ያም ሆኖ ተፈርዶባቸው ከቅንጅት መሪዎች በኋላ ነው የተፈቱት። አቶ ዳንኤል ከዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ መስመሩን ጠብቆ መቆየት ከእስር አላዳነም። መንግሥት በተመልካቹና በተወዳዳሪው መካከል ልዩነት አላደረገም።

ያልተዘጋው የብሔር ክርክር

መስፍን በራሳቸው ደጋፊዎች ዘንድ እንኳ የሚያወዛግቡበት ጉዳይ ይህ ነው። ደርግ በወደቀበት ማግስት ከአቶ መለስ ዜናዊ ጋር በቴሌቪዥን ተከራክረው “አማራ የሚባል ብሔረሰብ የለም” የሚል አቋም ያዙ። ሐሳባቸው ሕዝቡ የለም ማለት አልነበረም። ሰው መብቱን የሚያገኘው በዜግነቱ እንጂ በብሔር መደብ ተቆጥሮ መሆን የለበትም፤ ሰዉም ራሱን የሚጠራው በጎጃሜነት፣ በጎንደሬነት፣ በሸዌነት ነው የሚል ነበር።

ይህ አቋም ከሁለት አቅጣጫ ተመትቷል። የብሔር ጭቆና ደርሶብናል የሚሉ ወገኖች፣ ዜግነትን ብቻ ማንሣት በአንድ ቋንቋና ባህል ላይ የቆመውን አሮጌ የበላይነት መሸፈን ነው ብለዋል። የአማራ ብሔርተኞች ደግሞ፣ ሰዎች አማራ ተብለው ሲፈናቀሉና ሲገደሉ “የለም” ማለት መከላከያ አሳጥቶናል ይላሉ። ሁለተኛው ትችት ከባድ ነው። አንድ ሰው በማንነቱ ሲጠቃ፣ ማንነቱ በታሪክ እንዴት እንደተፈጠረ የሚደረገው ምርምር በዚያች ሰዓት አይደርስለትም። በሌላ በኩል ኢሰመጉ በእርሳቸው ሊቀ መንበርነት ጊዜ የአማራ ተወላጆችን ጨምሮ በየአካባቢው የተጠቁትን መዝግቧል። ይህም ከግል አቋማቸው ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በእርጅናቸው የጻፏቸው የአማርኛ መጻሕፍት፣ በተለይ ስለ መክሸፍ የጻፉት፣ ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን አፍርሶ ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ ተቋም አይከማችም የሚል ነው ሐሳቡ። የታሪክ ባለሙያዎች ማስረጃው ለድምዳሜው አይበቃም ብለው ሞግተውታል።

ሕጉ የት ላይ ነው?

ምርጫ 97 በመብት ድርጅቶች ላይ ያስከተለው ትልቁ ጣጣ በሕግ መልክ መጣ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። የተለመደው ምክንያት ሉዓላዊነት ነበር፤ የአገር ፖለቲካ በውጭ ገንዘብ አይመራ የሚል። ሥጋቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ብዙ አገሮች ይጋሩታል። ግን አገር ውስጥ ለመብት ድርጅት ገንዘብ የሚሰጥ ባለሀብት የማይደፍርበት ሁኔታ ባለበት፣ 10 በመቶ ማለት መዝጋት ማለት ነው። ኢሰመጉ “የኢትዮጵያ” የሚለውን አውጥቶ ስሙን ወደ “ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ” ለወጠ፣ ገንዘቡ ታገደ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ፣ ከ12 ቅርንጫፎቹ 9ኙን ዘጋ። ቅርንጫፍ ተዘጋ ማለት ከወረዳ የሚመጣው ወሬ ተቋረጠ ማለት ነው። አሠራሩ ከ302ቱ ቀናት ጋር አንድ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አነሣ። የ2017ቱ እገዳ ያሳየው ግን፣ ጥሩ በሚባለው ሕግም ውስጥ ድርጅትን ፍርድ ቤት ሳይወስኑ ማገድ የሚያስችል ክፍተት እንዳለ ነው። አዋጁን የማሻሻል ነገር ሲነሣ ሦስት ነገሮችን መከታተል ያስፈልጋል። እገዳ የሚጥለው ድርጅቶቹን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ባለሥልጣን ብቻውን ነው ወይስ ዳኛ አስቀድሞ ያየዋል? “ገለልተኝነት” የሚለው ቃል በምን ይለካል፤ ፓርቲን በመደገፍ ነው ወይስ መንግሥትን በመተቸት? የውጭ ገንዘብ ገደብስ በሌላ ስም ይመለሳል ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀንና ቦታ የሚዘረዝር መግለጫ በፖለቲከኝነት የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ በሩቅ ወረዳ የተራበ ወይም የተገደለ ሰው ወሬ አዲስ አበባ የሚደርሰው እንደ 1958ቱ በሹማምንት ሰንሰለት ብቻ ይሆናል።